መቶ የዘንባባ ፍሬ

እሷ ከመምጣቷ በፊት በችግኝ ጣቢያችን ስለ ዘር የሚጠየቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ጆንያ ሙሉ ዘር በመጣ ቁጥር ኃላፊያችን ከቢሮው ደጃፍ ላይ ሆኖ «የዘር እናት የታለች?» ብሎ ይጣራል። እኔም አፈር የያዘ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ እሄዳለሁ። አንዷን ፍሬ አንስቼ፣ በጥርሴ ሰበር አድርጌ፣ ውስጧን አይቼ «ይህ ይበቅላል» ወይም «ይህ አልፎበታል» እላለሁ። እሱም እንዳልኩት ይጽፋል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም። ዘር ግን ዘጠኝ ዓመት በእጄ አልፏል። የኒም ዛፍ ዘር ከሁለት ሳምንት በላይ ካደረ እንደማይበቅል፣ ማንጎ ከነእርጥበቱ ካልተተከለ እንደሚሞት ያወቅሁት እየሞተብኝ ነው። ማንም አላስተማረኝም።

ጣቢያው ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ በታች፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ዳር ነበር። ትልልቆቹ አለቆች ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ ስለሚቀመጡ እኛ ዘንድ የሚወርዱት ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነው። እታች እኛው በእኛው ነበርን፤ በእኛ መካከል ደግሞ ስለ ዘር የመጨረሻው ቃል የእኔ ነበር።

እሷ በጥቅምት ወር መጣች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቀች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች። ኃላፊው ይዟት ዘር ክፍል ገባና «ከዛሬ ጀምሮ የዘር ፍተሻው ኃላፊነት የዚህች ጓድ ነው» አለን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ታግዣታለሽ» አለኝ። ያን ቀን ከሰዓት የግራር ዘር በመኪና ሲመጣ ከደጃፉ ላይ የተጣራው የእሷን ስም ነበር። እጄን ጠርጌ ብድግ ብዬ ነበርና መልሼ ተቀመጥኩ።

ሰው የሚቀናው በክፉ ሰው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ጥሩ ሰው መሆኗ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኛለች፤ ስትቀመጥ ወንበሩን ለእኔ ትታ በርጩማው ላይ ነው። አማርኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል። እኔ አማርኛን የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ገበያ ላይ ነው፤ በቋንቋችን በጋሞኛ የማስበውን ወደ አማርኛ ስመልሰው ወንዱንና ሴቱን አቀላቅላለሁ። በስብሰባ ላይ «ሥራ አስኪያጁ መጣች» ብዬ ሰው ሁሉ የሳቀበትን ቀን አልረሳውም። እሷ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፋች። ከሳቁት ሁሉ ይልቅ የጠላሁት እሷን ነው።

የዘንባባው ሥራ የመጣው በዚያው ወር ነው። በአባያ ዳር የነበረው ዘንባባ ለሰሌንና ለቤት ክዳን እየተቆረጠ አልቆ ነበር። የሐይቁ ዳር ቀበሌ ሴቶች ማኅበር ሰሌን ሠርቶ የሚሸጥ ስለሆነ፣ ጣቢያው ችግኝ አፍልቶ ሊሰጣቸው፣ የተረፈውም ዘር በመኪና ወደ ሌሎች ቆላ ወረዳዎች ሊላክ ታሰበ። ሴቶቹ ከዝንጀሮ እየተሻሙ ፍሬ ለቅመው አምስት ጆንያ ሙሉ አመጡልን። ጥያቄው አንድ ነበር፦ የዘንባባ ዘር ስንት ጊዜ ተቀምጦ ይበቅላል? ደርቆ ይቆያል ወይስ እርጥበት ይፈልጋል?

ኃላፊው ሁለታችንንም ጠራን። እኔ አልጠበቅሁም። «ዘንባባ የውኃ ዳር ዛፍ ነው። ፍሬው ከደረቀ አለቀለት» አልኩ።

እሷ አንድ ፍሬ በጣቷ አገላበጠች። «ቅርፊቱ ድንጋይ ነው። ደርቆ የሚቆይ ይመስለኛል» አለች። «ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እንፈትነው።»

እርግጠኛ አይደለሁም! እኔ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ብናገር ማን ይሰማኛል? እሷ አላውቅም ስትል ግን ኃላፊው እንደ ትልቅ ነገር ራሱን ነቀነቀ።

ሥጋውን አጥበን ካወጣን በኋላ ዘሩን ለሁለት ከፈልነው። አብዛኛውን በጥላ ሥር አድርቀን በጆንያና በቆርቆሮ ከአመድ ጋር አስቀመጥን፤ ጥቂቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ሣጥን ውስጥ ቀበርን። በየወሩ መጨረሻ ከሁለቱም አሥር አሥር ፍሬ አውጥታ በትንሽ ቢላ ትሰነጥቃቸዋለች። ዘንባባ ድንጋይ በመሰለው አካሉ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሽል አለችው። ያቺ ሽል ነጭና ጠንካራ ከሆነች ዘሩ በሕይወት አለ፤ ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነች ሞቷል። «ይዩት እትዬ» ብላ ማጉያ መነጽሯን ሰጠችኝ። አየሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘር ስሰብር ኖሬ ያቺን ነገር እንዲህ ጥርት ብላ አላየኋትም ነበር። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ ግን አንድ ነገር የተወሰደብኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ወራቱ ሲያልፉ የደረቁት ፍሬዎች ሽል እንደ ነጣ ቀረ። በመጀመሪያው ወር ነጭ፣ በሦስተኛው ነጭ፣ በአምስተኛውም ነጭ። የአሸዋዎቹ ግን አንዳንዶቹ ሻጋታ ይዘው ይወጡ ጀመር። እሷ በደብተሯ ትጽፋለች። እኔ ግን የሚሆነውን አወቅሁት። ልክ እሷ ነች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ይህም ተጽፎ ወደ ሴቻ ሊሄድ ነው።

ቤት ስገባም አላረፍኩም። ባለቤቴ የዶርዜ ሰው ነው፣ ሸማኔ። እሷ ለእናቷ የምትልከውን ጋቢ አዝዛው ነበርና ከእኔ ጋር መጥታ ጥለቱን መረጠች። ከሄደች በኋላ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት። ቀለም ታውቃለች» አለ፣ ክሩን እያጠነጠነ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም፤ ለምን እንደሆነም እሱ አልገባውም።

በሚያዝያ፣ ስድስት ወር ሲሞላ፣ ዘሩ የሚዘራበት ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምንሠራው፤ ከሰዓት ደግሞ የውይይት ክበብ አለ፣ መቅረት አይቻልም። እሷ የተማረች ስለሆነች ጽሑፉን ለሰው እያነበበች የምታወያየው እሷ ነበረች። ከመሄዷ በፊት በሁለት የጨርቅ ከረጢት መቶ መቶ ፍሬ ቆጥራ፣ ከዘር ክፍሉ ቁልፍ ጋር ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ እነዚህን በየባልዲያቸው ዘፍዝፈዋቸው ይሂዱ። ሰኞ ጠዋት እንዘራቸዋለን።»

«እኔ ክበቡ ላይ አልገኝም፤ ራሴን አሞኛል» አልኳት።

«እኔ እነግርልዎታለሁ። ይረፉ» አለችኝ።

የአሸዋዎቹን ዘፈዘፍኳቸው። የደረቁትን ከረጢት ነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ እግሬ መፍጠኑን ብቻ አስታውሳለሁ። ቤት ደርሼ የሽፈራው ቅጠል የምቀቅልበትን ድስት ጣድኩና ፍሬዎቹን ጨመርኩበት። ውኃው ሲፈላ እየጠቆረ ሻይ መሰለ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ከሽመና ጉድጓዱ ሆኖ ድስቱን አየ።

«ምንድን ነው የምትቀቅዪው?»

«የዘንባባ ፍሬ። ለአንገት ጌጥ ልሰካው ብዬ።»

«አሞኛል ብለሽ አይደል የመጣሽው? የታመመ ሰው ጌጥ ይሰካል?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ረጅም ጊዜ ቀቀልኳቸው። አውጥቼ ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ መቶ ነበሩ፣ አንድም አልጎደለም። እሑድ ጎረቤት ቤት ለጸሎት ተሰበሰብን። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። እኔ ያን ቀን አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ሰኞ ገና ሰው ሳይገባ ሄጄ ፍሬዎቹን ባልዲያቸው ውስጥ ጨመርኳቸው። እሷ መጥታ አንድ እፍኝ አወጣችና «ጠቆር ብለዋል» አለች።

«ውኃ ጠጥተው ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ጎን ለጎን ተንበርክከን በሁለት መደብ ዘራናቸው።

ከአሸዋ የወጡት በሰባተኛው ሳምንት ብቅ አሉ። የዘንባባ ቡቃያ መጀመሪያ ሲወጣ አንዲት የሣር ቅጠል ነው የሚመስለው። ከመቶው ከግማሽ በላይ በቀለ። የሌላው መደብ አፈር እንደተመረገ ቀረ። እሷ በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድማ መጥታ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ትላለች፤ በጣቷ አፈሩን ትነካካለች። አንድ ቀን «ሽሉ እኮ ነጭ ነበር፤ አይተነዋል አይደል?» አለችኝ። «ነጭ መሆን ብቻውን አይበቃም» አልኳት። ይህን ስናገር ድምፄ የኃላፊውን ድምፅ ይመስል ነበር።

ሐምሌ አልቆ ምንም ሳይወጣ ሲቀር ሪፖርቱን ጻፈች። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተነስታ አነበበችው፦ የዘንባባ ዘር ድርቀትን አይችልም፣ እርጥብ ካልሆነ አይቆይም። ካነበበች በኋላ ወረቀቱን አጠፈችና «ይህን ከመጀመሪያው የተናገሩት እትዬ ናቸው። እኔ ተሳስቼ ነበር። የዓመቱ አርአያ ሠራተኛ እሳቸው እንዲሆኑ እጠይቃለሁ» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ኃላፊው «የዘር እናት!» ብሎ ጮኸ። ስንት ወር የናፈቅሁት ቃል ነበር፤ ሲመጣ ግን ወዴት ልይ? እንደዚህ ያለ ሰው መሆን እንዴት ይቻላል ብዬ አሁንም ቀናሁባት። ተሸንፋ እንኳ ከእኔ በልጣ ቆመች።

በሪፖርቱ መሠረት የደረቁት ጆንያዎች ከግቢው ኋላ ወደ ቦዩ ዳር ተደፉ። የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጠንካራ ሰውነት ያላት፣ እጇ በሰሌን የሻከረ ሴት ሰምታ መጣች። ተደፍቶ የተከመረውን ዘር ቆማ አየችው። «ሞተ?» አለችኝ በቋንቋችን። «ሞተ» አልኳት። ሐይቁ ድረስ ያለውን መንገድ በእግሯ ተመለሰች።

በጥቅምት ዝናቡ መልሶ መጣ፤ ቦዩም ሞልቶ ከክምሩ ላይ ፈሰሰ። በኅዳር አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ያቺን ልጅ ከግቢው ኋላ ቆማ አየኋት። ተጠግቼ ሳይ ክምሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል። ሣር መስሎኝ ነበር፤ ግን ሣር አልነበረም። በሺህ የሚቆጠር የዘንባባ ቡቃያ ነው።

አንዱን ነቅላ ከነፍሬው በእጇ ይዛ ነበር። ሳትዞር ተናገረች።

«ከዚህ ጆንያ ነው መቶውን የቆጠርኩት።»

ጎንበስ ብዬ አንዱን ቡቃያ በጣቴ ነካሁት።

«እዚህ ሁሉም በቅሏል። እዚያ አንድም አልበቀለም። ከእኔ በኋላ የነካቸው እርስዎ ብቻ ነዎት።» አሁን ዞረች። «ያን ቅዳሜ ምን አደረጓቸው?»

ብዙ ውሸት ነበረኝ። ባልዲው ሳሙና ነበረበት ማለት እችል ነበር። «ቀቀልኳቸው» አልኳት።

«ለምን?» አለች።

መልሱን በአማርኛ ፈለግሁ፤ አማርኛው ከየትም አልመጣ አለኝ። በጋሞኛ ጀመርኩ። ስለ ደጃፉ ጥሪ፣ ስለ ማጉያ መነጽሩ፣ ባለቤቴ ስላመሰገነው ዓይኗ፣ በሳቁብኝ ቀን አንገቷን ስለ መድፋቷ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እያለቀስኩ ይሁን እየተቆጣሁ እኔም አላውቅም። እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

«አልገባኝም» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ቡቃያዋን ይዛ ወደ ቢሮ ሄደች። በዚያን ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ቀልድ አልነበረም። ሞተር ቢቃጠል፣ እህል ቢነቅዝ አሻጥረኛ ይፈለጋል፤ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሦስት ቀን የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በር በሩን አይ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኩት። መወርወሪያውን አስቀመጠና «ጌጥ ያልሽው ያ ነው?» አለኝ። በሦስቱም ቀን ጠዋት ጠዋት እስከ ጣቢያው በር ሸኘኝ።

በአራተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። እሷ አዲስ ሪፖርት አነበበች፦ «ዘሩ ሲዘፈዘፍ ውኃው ከልክ በላይ ስለ ሞቀ የመጀመሪያው ፍተሻ ተበላሽቷል። ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ፍተሻው ይደገም።» ስሜ የለበትም። ኃላፊው በሰው ሁሉ ፊት ወረደባት፤ የመንግሥት ዘር ማስደፋቷን፣ ወረዳዎችን ማሳሳቷን፣ ዲፕሎማዋን ሳይቀር አነሳ። እሷ እጇን አጣምራ ቆማ ሰማች። እውነቱን ልናገር፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ኀፍረት ግን የምገልጽበት ቃል በሁለቱም ቋንቋ የለኝም። ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ፈራሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ «እትዬ» ብላኝ አታውቅም። «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም፤ ሥራም አልደበቀችኝም። ፍተሻውን እንደገና ጀመርን፤ መዘፍዘፉን ለእኔ ነው የሰጠችኝ። ቁልፉን ስትዘረጋልኝ ዓይኔን አላየችም። በክምሩ ላይ የበቀሉትን ደግሞ አንድ በአንድ እየነቀልን አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ አዛወርናቸው፤ እስከ ሚያዝያ ዝናብ ውኃ እያጠጣን አሳደግናቸው።

ችግኙን ይዘን አባያ ዳር ስንወርድ ሴቶቹ ጉድጓድ ቆፍረው ጠበቁን። ሊቀመንበሯ ችግኙ ከመኪና ሲወርድ እያየች በጋሞኛ ጮክ ብላ «ሞቷል ተብሎ የተደፋው የእኛ ልፋት አይደለም እንዴ ይሄ? ሞቷል ብሎ ያስደፋው ማን ነው?» አለች። ልጅቷ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ጋሞኛችንን እየለመደች ነበር። ጥያቄው ገባትና፣ እየተንተባተበች በቋንቋችን «እኔ ነኝ» አለች። ማንም አልሳቀባትም። እኔ አማርኛ ስሳሳት የሳቀው ሕዝብ ትዝ አለኝና እዚያው ቆሜ ደግሞ ቀናሁባት።

ግን አፌ ከቅናቴ ቀደመ። «አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ። የሚፈተነውን ዘር ቀቅዬ ገደልኩት። ቀንቼባት ነው።»

ሊቀመንበሯ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «በዚች ቀጫጫ?» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሊቀመንበሯ ግን ሳትስቅ ዶማዋን በእጄ አስያዘችኝና ቁፋሮው ያልተነካውን፣ ድንጋያማውን ጥግ አሳየችኝ። እስከ አመሻሽ ብቻዬን ቆፈርኩ።

በመሃል ለምሳ ስንቀመጥ ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምን ብለዋቸው ነው የሳቁት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳቸው።»

«እህ» አለች። ዳቦዋን ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝና ሐይቁን እያየች በላች።

ሁለተኛው ፍተሻ በዚያው ክረምት አለቀ። ከመደፋት ተርፈው በቆርቆሮ ደርቀው የቆዩት ከአሸዋዎቹ እኩል፣ እንዲያውም በለጥ ብለው በቀሉ፤ ከአሸዋዎቹ ግማሾቹ ሣጥኑ ውስጥ ሳሉ ወይ ሻግተው ወይ ጊዜያቸው ሳይደርስ አቆጥቁጠው ተበላሽተው ነበር። ልክ እሷ ነበረች። ዘንባባ ደርቆ ይጠብቃል። ዘሩም በመኪና ወደ ቆላ ወረዳዎች ተላከ።

በዓመቱ ለከፍተኛ ትምህርት ተመርጣ ሄደች። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሁላችንም ሸኘናት። በችግኝ ፕላስቲክ አፈር የሚሞሉት ሴቶች አለቀሱ፤ ዘበኛው አለቀሰ፤ የወረደባት ኃላፊ ሳይቀር መሐረብ አወጣ። እሷ ሁሉንም እያቀፈች ሳመች፤ እኔንም ሳመችኝ፣ እንደ ሌላው ሦስት ጊዜ፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። እኔ አላለቀስኩም። የሚያለቅሱትን አንድ በአንድ እያየሁ ነበር፤ እኔ የሄድኩ ቀን ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ያለቅስልኝ ይሆን እያልኩ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እጇን አውለበለበችልን። ወደ ጣቢያው ስንመለስ የማንጎ ችግኝ የሚወስዱ ገበሬዎች በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር፤ ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወደ መደቡ ገባሁ።